የመጨረሻው ግፊያ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ ፔራን፦

እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ይዞሃል? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ ችለኸው ነው? ባለቤትህ አሮሃ ደህና ናት? ሕፃኗ ልጃችሁ ኬንሳስ ጥርስ አወጣች? እዚያ በደቡቡ ዓለም አሁን ብርዱ እየገባ ነው መሰለኝ፤ ላሞቹን ለማለብ ስትነሳ ደረትህን ሸፍነህ ውጣ። በእኛ በኩል ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ወንድማችን ጃጎ አንገቱን ተጎድቶ ሆስፒታል መግባቱን እማማ በስልክ ነግራሃለች። እንዴት እንደሆነ ግን አልነገረችህም፤ እዚያ ስትደርስ ወሬ ትቀይራለች። እኔንም ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። ሻይ አፈላና መጠጣቱን እረሳለሁ፣ በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ።

የዘንድሮው የራግቢ ውድድር መጀመሪያው አምሮልን ነበር። መስከረም ላይ ተከታትለን ስናሸንፍ ከተማችን ትሬቫን በደስታ ሰማይ ነካች። አሠልጣኙ ሆስኪን ሳይቀር «ዘንድሮ ወደ ላይኛው ሊግ ካልወጣን ፂሜን እላጫለሁ» እያለ ሲፎክር ከረመ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ሜዳው ጭቃ ሆነ፣ ጉልበታሞቹ ልጆች ተራ በተራ ተሰባበሩ፣ እኛም ቁልቁል ወረድን። ጃጎ ቀን ጣሪያ ሲያለብስ ይውላል፣ ማታ ልምምድ ይሮጣል፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ያን ግዙፍ እግሩን አውቶቡስ ውስጥ አጥፎ እስከ ሰሜን ጫፍ ይጓዛል። አንድም ቀን ደከመኝ ሲል አልሰማሁትም። በመጨረሻ ነገሩ ሁሉ በአንዲት ጨዋታ ላይ ተንጠለጠለ፤ ካሸነፍን በሁለተኛው ሊግ እንቆያለን፣ ከተሸነፍን እንወርዳለን። ከወረድን ክለቡ ይበተናል ይባል ነበር።

የመጡብን የሰሜን ሰዎች ናቸው። የፊት መስመራቸው ሦስት በሬ ነው ብልህ አላጋነንኩም። በእያንዳንዱ ግፊያ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቆላልፈው ለኳሷ ሲገፋፉ፣ የእኛን ልጆች እያንኮታኮቱ ወደ ኋላ ነዷቸው። ሕጉን አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ፤ የፊት መስመር ገፊ ተጎድቶ ወጥቶ ለቦታው የሠለጠነ ተተኪ ከታጣ፣ ዳኛው ግፊያውን ያስቀራል። ሁለቱ ወገኖች ተቃቅፈው ይቆማሉ እንጂ አይገፉም። የእኛ ተተኪ ደግሞ ቀደም ብሎ ጎኑን ይዞ ወጥቷል። ለዚያ ቦታ የቀረው ጃጎ ብቻ ነበር።

በእረፍት ሰዓት ወሬው ከልብስ መቀየሪያው ወጥቶ እኔ በሊጥ የተጠቀለለ የሥጋ ፓስቲ ከምሸጥባት መስኮት ደረሰ። ሆስኪን ጃጎን «ትንሽ ቆይተህ አንገቴን ብለህ ተኛልኝ፤ አንድ ሰው ብንጎድልም ከመደቆስ ይሻለናል» ብሎታል አሉ። ሰዉ ቢራውን ይዞ እየተጠቃቀሰ ይስቃል። ጃጎ ምን ብሎ እንደመለሰ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

አባባም ሰሙ። አባባን ታውቃቸዋለህ፤ የተሰበረ ጣታቸውን በጨርቅ አስረው ጨዋታ የጨረሱ ሰው ናቸው። አንተንም ጃጎንም በጓሮው በር ላይ ትከሻ አስደግፈው ግፊያ ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። ያዘዙትን ፓስቲ መስኮቴ ላይ ትተው ወደ ሜዳው አጥር ሄዱ።

ሁለተኛው አጋማሽ ብዙም አልቆየ። ተቆላለፉ፣ ገፉ፣ ተደረመሱ። ሁሉም ተነሳ፤ ጃጎ ቀረ። ወንድም ጋሼ፣ ሕዝቡ ምን እንዳደረገ ብነግርህ አታምነኝም። አጨበጨበ! «ምን ዓይነት ተዋናይ ነው እባካችሁ!» አለ አንዱ ከጎኔ፤ የሰሜኖቹ ደግሞ «ትራስ ይምጣልህ እንዴ፣ አንተ ቀጣፊ!» እያሉ ይሳደባሉ። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል የአባባ ድምፅ ጎልቶ ወጣ። «ተነስ! አንተ ውሸታም! የእኔ ልጅ ሜዳ ላይ አይተኛም፤ ተነስ!» አሉ። እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው ወጥተው ሄዱ።

ሆስኪን ራሱ ልጁ ምክሩን የሰማ መስሎት እያዘገመ ነው የገባው። ሐኪሟ ግን ተንበርክካ፣ እጇን ከጃጎ አንገት ሳታነሳ ጮኸች። ያኔ ሮጠ። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ጠፍቶ ሜዳው ጭር አለ። ከተመልካቹ መሐል የነበረችው እማማ ያን አጥር እንዴት እንዳለፈችው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ማታውን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሆስኪን እያለቀሰ ነገረን። ጃጎ የመለሰለት «አባቴ አጥሩ ላይ ቆመው እያዩኝ በውሸት አልወድቅም» ብሎ ነው።

የቀረው ጨዋታ ያለ ግፊያ ተካሄደና አሸነፍን። እስቲ አስበው፣ አሸነፍን! በሊጉ ቆየን። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው እንኳን ደስ አለሽ ይበል ወይስ ይማረው ይበል ግራ ይገባዋል። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል ይላሉ ሐኪሞቹ፤ የቀኝ እጁን ጣቶች ያንቀሳቅሳል። ስለ እግሮቹ ስንጠይቃቸው ግን መልሳቸው «እንጠብቅ» ብቻ ነው።

አባባ እስካሁን ሊጠይቁት አልሄዱም። ጋራዡ ውስጥ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ምግብ ስወስድላቸው «በየትኛው ዓይኔ ልየው?» ይሉኛል። እማማ ተቆጣች፣ ለመነች፣ አሁን መጎትጎቱን ትታለች። ያጽናናን የነበረው፣ ጃጎ ያን ጩኸት አልሰማም ብለን ማሰባችን ነው።

ትናንት ሾርባ ሳጎርሰው «ላቭዴይ፣ አባባ ሲጮኹብኝ ሰምቻለሁ» አለኝ። ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። እሳቸው አይደሉም ልል ብዬ ማንኪያውን ለማንሳት ጎነበስኩ። ቢቆጣ በተሻለኝ ነበር፤ ያፈረው ግን እሱ ነው። «ተነስ ሲሉኝ ልነሳ ሞክሬ ነበር፤ እግሬ አልታዘዘኝም በያቸው» አለኝ።

እኔ ይህን ለአባባ መንገር አልቻልኩም። ጋራዡ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ስለዚህ አንተን አስቸገርኩ፤ ይህ ወረቀት እንደደረሰህ ደውልላቸው።

አሮሃን አቅፈህ ሳምልኝ፤ የላከችልኝን የሱፍ ሹራብ ለብሼው ነው የምጽፍልህ። ኬንሳን ጉንጯን ሳምልኝ። እማማ ምግብህን በሰዓቱ ብላ ትልሃለች። ጃጎም ናፍቆሃል። አባባ መጻፌን አያውቁም፤ አንተ ስትደውል ግን ስልኩን ያነሳሉ። ልጅዎ አልዋሸም በላቸው።

እህትህ ላቭዴይ
ትሬቫን፣ ኮርንዎል
ሚያዝያ 28 ቀን