ዓይኗን የማትከድን አሻንጉሊት

ውድ አጎቴ፣

ሳንኳኳ ቴሌቪዥኑን ስታጠፋ ሰምቼሃለሁ። ቤት የለሁም ለማለት ነው መቼስ። ይሁን፣ ቤት የለህም። ይህን ደብዳቤና ትንሿን ካርቶን ደጃፍህ ላይ አስቀምጬ እሄዳለሁ። ደብዳቤውን አንብበህ ሳትጨርስ ካርቶኑን እንዳትከፍት። ብልህም እንደምትከፍተው አላጣሁትም።

ሰው ሁሉ «አንቺ ምን አጠፋሽ?» ይለኛል። የአሻንጉሊት ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅማ ጭራሽ «ጎበዝ!» ይለኛል። እኔ ግን ባዶ ጠረጴዛህ አጠገብ ሳልፍ እንደ ሌባ አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው።

ሥራ አስኪያጁ «የአሻንጉሊቷን ወጪ ካልቀነሳችሁልኝ ምርቷን አቆማለሁ» ሲል መጀመሪያ ያየሁት ዓይኗን ነበር። ከሌላው አካሏ ሁሉ ይበልጥ ገንዘብ የሚያስወጣው እሱ ነው፤ ሁለት ኳስ፣ አንድ ሽቦ፣ ስትጋደም ወደ ኋላ ወድቆ ዓይኗን የሚያስከድናት ትንሽ ብረት፣ በዚያ ላይ ያንተ ጉጠትና ያንተ ትዕግሥት። አንተ ፈልስፈኸው፣ አንተው አንድ በአንድ ስትገጥመው የኖርክ ዓይን። እኔን ያሳደገኝም፣ ያስተማረኝም፣ እዚያው ፋብሪካ ንድፍ ክፍል ያስገባኝም ያ ዓይን ነው። እኔ ደግሞ ብድሩን ልመልስ ብዬ «ቀለም ይበቃታል» አልኩና ቀባሁት።

ንድፌን ባቀረብኩበት ስብሰባ ላይ ትጮህብኛለህ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አንተ ግን ኮፍያህን አንስተህ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እርስዎ ያውቃሉ» ብለኸኝ ወጣህ፤ ሥራህም በዚያው አበቃ። እኔን! ድንቢጥ እያልክ ያሳደግከኝን! ምነው በጥፊ ባልከኝ አልኩ።

ቅጣቴም አልዘገየም። ልጄ ባለቀለሟን አሻንጉሊት ደረቷ ላይ አስደግፋ እሹሩሩ ስትል ቆየችና «እማ፣ ይቺ ልጅ አሟታል መሰለኝ፤ አትተኛም እኮ» አለችኝ። መሀረብ ፈልጋ ዓይኗን አሰረችላት። አሻንጉሊቷ የምትረሸን መሰለች። ሳቄ መጣና መሀል ላይ ቀረ።

ከየሱቁም ያው አቤቱታ ጎረፈ። ሥራ አስኪያጁ ፀጉሩን እየነጨ «በኪሳራም ቢሆን እስከቻልን እንሂድ፣ የድሮው ዓይን ይመለስ፤ ሽማግሌውንም ለሰኞ ጥሯቸው» አለ። ይህ ወሬ እንደደረሰህ አውቃለሁ። የፋብሪካው ጥበቃ መንገድ ላይ አግኝቶህ ሲነግርህ «አላልኳችሁም?» እያልክ እንደ ልጅ ስትፈነድቅ ነበር አሉ። ነገሩ ምነው እዚያ ላይ ባበቃ።

ግን አእምሮዬ አላርፍ አለ። ፋብሪካ የገባሁ ሰሞን ምሳ ሰዓት ላይ ልፈልግህ መጥቼ ወንበርህ ላይ ተደግፈህ ያገኘሁህ ትዝ አለኝ። ከአጠገብህ ቆሜ ቁልቁል ሳይህ የኮፍያህ ጥላ ዓይንህን ሸፍኖታል፤ በቃ ለጥ ብለሃል። ላለመቀስቀስ ቀስ ብዬ ጎንበስ ስል ግን ዓይንህ ፍጥጥ ብሎ ያየኛል። ልጮህ ምንም አልቀረኝም። «ዝም በይ! የተኛሁ ካልመሰላቸው በምሳ ሰዓት እንኳ አያሳርፉኝም» አልከኝ።

ልጄም አሻንጉሊቷን ስታስተኛት የምታያት ከላይ ወደ ታች ነው። ስለዚህ የዓይኗን ቆብ እንዳንተ የኮፍያ ጥላ ትንሽ ወደ ፊት አወጣሁት። ከፊቷ ጋር አብሮ ከአንድ የቅርጽ ማውጫ ፎርማ ይወጣል፤ ሽቦ የለ፣ ብረት የለ፣ ገጣሚ የለ። ፊት ለፊት ስታያት ታይሃለች፤ ደረትህ ላይ አስደግፈህ ቁልቁል ስታያት ግን እንቅልፍ ወስዷታል። ልጄ አቅፋት ቆየችና «ሽሽሽ፣ ተኛች» አለችኝ። ደስታዬን እንዴት ልንገርህ! ወዲያው ደግሞ አንተ ትዝ አልከኝና አሻንጉሊቷን ከልጄ ተቀብዬ ደበቅኳት።

በቦርሳዬ ይዣት ስመላለስ ሰነበትኩ። ዝም ብል ኖሮ ሰኞ ጠረጴዛህ ላይ ነበርክ። መጀመሪያ ዓይንህን ሳወጣው መጥፎ አድርጌ ስለሠራሁ መመለሻ ነበረህ። አሁን ጥሩ አድርጌ ሠራሁትና መመለሻህን ዘጋሁት።

ዛሬ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ አሳየኋት፣ አጎቴ። ሰኞ ና የሚልህ የለም፤ ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰማው ብዬ ነው እየሮጥኩ የመጣሁት።

መንገድ ላይ «ፋብሪካው እንዳይዘጋ ብዬ ነው፣ ለሠራተኛው አስቤ ነው» እያልኩ ራሴን ሳባብል ነበር። ምን ያደርጋል፣ አንተን አልዋሽህም። ያሳየሁት ስለኮራሁባት ነው። ጥሩ ሥራ ሠርቼ ደብቄ መቀመጥ አልቻልኩም። አንተ ብትሆን ትችል ነበር?

ሥራ አስኪያጁ ገለባብጦ አያትና «ይህን ደግሞ ከየት አመጣሽው?» አለኝ። «ከአጎቴ ኮፍያ» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

በል አሁን ካርቶኑን ክፈተው፤ ካልከፈትከው ማለቴ ነው። ከእግሯ በኩል ብታያት እንዳፈጠጠች ናት፤ አውቃለሁ፣ ገና ይቀራታል። ጉድለቷን ከኔ ቀድመህ እንደምታየውም አውቃለሁ።

ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም። እሑድ ግን እመጣለሁ፤ ቴሌቪዥኑን አታጥፋው። በሩን ክፈትና የፈለግከውን ያህል ስደበኝ። ብቻ ስትሰድበኝ «አንቺ» ብለህ ስደበኝ።

ሥራህን ባንተው ኮፍያ የቀማችህ፣
ድንቢጥህ