የመጋቢቱ ቅጂ

ለወንድሜ ስብሐት፣ ሰመራ፤

ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? እኛን ከቁስቋም ብርድ በቀር የነካን የለም፤ ተመስገን።

ስለ አዲሱ ገበያ አውቶቡሶች የምጽፈው የመመረቂያ ጽሑፌ አልቋል። ዋናው ምንጬ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳው አባዬ ነው። አማካሪዬ፣ «የቃል ምንጭም ስምና ቀን ይኑረው» ስላለኝ ሁለት ጊዜ ድምፁን ቀረጽኩ። በመጋቢት ፌርማታዎቹን አንድም ሳይዘል ቆጠረልኝ። በሰኔ ገና ስንጀምር፣ «አንቺ ቆንጆ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ። የለመደው ቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሱ ግን መልሴን ይጠብቅ ነበር። በጽሑፌ የጠቀስኩት የመጋቢቱን ነው።

ቅጂውን በስልኬም በኮምፒውተርም አስቀምጫለሁ። ላንተም ልኬዋለሁ፤ እንዳታጠፋው። ምርቃቴ ሐምሌ መጨረሻ ነው፤ አንተ ግን ቀደም ብለህ ና።

የቁስቋሟ እመቤት በሰላም ታምጣህ።
እህትህ ሮሐ