ሳልሄድ ያስረከብኩህ ሰሌዳ

ለውድ ወንድሜ ለታሜዞ፤

ይህን ያህል ባሕር አቋርጦ እስኪደርስህ ሰላምታዬ እንዳይቀዘቅዝብህ እፈራለሁ። እንደምን ከርመሃል ወንድሜ? ጉልበትህስ እንዴት ሆነ? ባለፈው ቁንዶ በርበሬው ከሥሩ በስብሶ ግማሹን ማሳ እንደነቀልከው ጽፈህልኝ ነበር፤ አዲሱ ተከላ ያዘልህ ወይ? የባለቤትህ የሉዚያ ሳልስ ተሻላት? በእናንተ በኩል ሙቀቱ እንቅልፍ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ እኔ ደግሞ ዘንድሮ በረዶው ከመስኮቱ በላይ ሄዶብኝ ቀኑን በመብራት ነው የገፋሁት። ዓይኔ ትንሽ ከመድከሙ በቀር ደህና ነኝ። የእናታችንን መቃብር በየወሩ አጸዳለሁ፤ ባለፈው ሳምንትም በረዶውን ጠርጌ የላክህላትን ከረሜላ አስቀመጥኩላት።

ይህ ደብዳቤ እንደ ሌሎቹ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ምድጃ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ስለዚህ ተቀምጠህ አንብበው፤ መጨረሻው ሳትደርስም አትጣለው። የምነግርህን ከሌላ ሰው ቀድመህ እንዳትሰማ ብዬ ቸኩያለሁ። የመንደሩ ሰው ሁሉ አውቆታል፤ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ።

ከአምስት ዓመት በፊት መንደርተኛው ተሰባስቦ ከምንጩ አጠገብ የነበረችውን የዕንቁላል ጎጆ እንደገና እንደሠራት ነግሬህ ነበር። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የለም፤ ሁሉም በፈቃዱ ነው የሚመጣው። በኅዳር ወደ ኩሮሴ ወንዝ ከሚወጡት ሳልሞኖች ዕንቁላል ወስደን የምንጭ ውሃ በሚያልፍባቸው የእንጨት ሣጥኖች ውስጥ እናስቀምጣለን። በረዶው ሲቀልጥ የወንዙን ዳር ዛፍ እንተክላለን፤ ዓሣዎቹ ዕንቁላል የሚጥሉበትን ጠጠር ያፈነውን ደለል እንጠርጋለን። የአራተኛ ክፍል ልጆች በየሳምንቱ ወደ ጎጆዋ ይመጣሉ፤ ጥቂት ዕንቁላልም ክፍላቸው ባለው የመስታወት ገንዳ ያሳድጋሉ፤ በመጋቢት ማለቂያም የተፈለፈሉትን የዓሣ ጫጩቶች በገዛ እጃቸው ወደ ወንዙ ይለቃሉ።

የእኔ ሥራ ለልጆቹ ስለ ዓሣው ማንበብ ነው። ሦስተኛ ክፍልን ያልጨረስኩት፣ ፊደል ከመጋዘናችን ግድግዳ ላይ የለቀምኩት ሴትዮ ዛሬ በአስተማሪ ወንበር እቀመጣለሁ። በጥር ወር አንዷ ልጅ «እትዬ ኪኑኤ፣ አራት ዓመት ባሕር ቆይተው ሲመለሱ መንገዱን ማን ያሳያቸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ መልስ ሳልጀምር ጓደኛዋ «የወንዛቸው ሽታ ነዋ፤ አንቺስ የእናትሽ ሾርባ ከመንገድ አይጠራሽም?» ብላ አሳቀችን። እኔም ሳቅኩ፤ ወዲያው ግን አንተ ትዝ አልከኝና መነጽሬን የምጠርግ መሰልኩ።

የተራ ጠባቂ ሰሌዳዋም ተመልሳለች። ጋሽ ጎንዛቡሮ ነው አዲሷን የቀረጻት፤ አሁን የማኅበሩ ሊቀ መንበር እሱ ነው። ደንቡ አንተ የምታውቀው ነው። ሰሌዳዋ በሩ ላይ የተሰቀለችለት ሰው ማታ ወደ ጎጆዋ ወጥቶ፣ በማግስቱም ጠዋት ደግሞ ወጥቶ፣ የቦዩን አፍ ከበረዶ ያጸዳል፤ ውሃው በሣጥኖቹ ውስጥ ሲያልፍ በጆሮው ይሰማል፤ ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ሄዶ ሰሌዳዋን እየሰጠ «ውሃው ይናገራል» ይላል። ተቀባዩ ይህን ቃል አምኖ እስከ ማታ ወደ ሥራው ይሄዳል። ለዚህ ነው ሳይሄዱ ቃሉን ማለት ነውር የሆነው። ውሃው ከቆመ ጫጩቶቹ ጥቂት ሰዓት አይቆዩም፤ ይታፈናሉ።

በየካቲት አጋማሽ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው በረዶ ንጋት ላይ አባራ። ቤቴ ወደ ጎጆዋ በሚወጣው መንገድ የመጨረሻው ነው፤ ከእኔ ደጅ ሳያልፍ ማንም ወደዚያ አይወጣም። ማለዳ ደጄን ስጠርግ መንገዱን አየሁት። እንደ አዲስ አንሶላ ተነጥፏል። የሰው ዱካ የለም፤ የቀበሮ እንኳ የለም። ያን ጠዋት ሰሌዳዋን ማስረከብ የጋሽ ጎንዛቡሮ ተራ ነበር። ተቀባይዋም ሱናኤ፣ ከከተማ ተድራ የመጣችው የአኩሪ አተር ቶፉ ሠሪው ወጣት ሚስት ናት። በኋላ እንደሰማሁት ሰሌዳዋን ቶፉ ቤቱ በር ላይ ሰጥቷት «ውሃው ይናገራል» ብሏታል።

ማታ ሱናኤ ገና ባልተረገጠው በረዶ ላይ ወጣች። ከጥዱ ላይ የወረደ በረዶ የቦዩን አፍ ደፍኖት ነበር። ስትመለስ ኮፍያዋ የለም፣ እጆቿ ደምተዋል፤ በእጇ ስትቆፍር ነው። ደጄ ላይ ተንበርክካ «እትዬ ኪኑኤ፣ ውሃው ዝም ብሏል» አለችኝ። አብሬያት ወጣሁ። አርባ ሺህ ጫጩት እንደ ተቀቀለ ሩዝ ነጭ ሆኖ ተኝቶ ነበር።

ከዚያ የሆነውን ሳልነግርህ ታውቀዋለህ። ጋሽ ጎንዛቡሮ «እኔ ሳስረክባት ይናገር ነበር። ምን ታድርግ፣ የከተማ ሰው ጆሮ ለመኪና ነው የተሠራው» አለ፤ ወንዶቹም ሳቁ። አማትዋ ለገዢ ሁሉ «የቶፉውን ወተት ታሳርራለች፣ ዓሣውን ታፍናለች፤ እኛስ መቼ ይሆን ተራችን?» ትል ጀመር። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ትልልቆቹ እንዲህ ቸልተኛ ከሆኑ ልጆቹን ወደ ጎጆዋ አልልክም አለ። ጉዳዩን ለመጨረስ ለቅዳሜ ስብሰባ ተጠራ። ሱናኤም ሻንጣዋን አሰናድታ ከስብሰባው በኋላ ወደ ወላጆቿ ልትሄድ ቆረጠች። አንድ ጊዜ ብቻ ቤቴ መጥታ «ምናልባት በትክክል አልሰማሁት ይሆናል። ማለዳ ራሴ ወጥቼ ማየት ነበረብኝ» አለችኝ። ራሷን መጠራጠር መጀመሯ ነበር።

አራት ቀን ዝም አልኩ። ጋሽ ጎንዛቡሮ የባለቤቴ የኪሱኬ የአጎት ልጅ ነው፤ ኪሱኬ ከሞተ ጀምሮ ስምንት ክረምት ሙሉ የጣሪያዬን በረዶ ያወረደልኝ እሱ ነው። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ እሱን ለመወንጀል አፍ አልነበረኝም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲነቅዝ ኖሯል።

ታሜዞ፣ በዚያ በታኅሣሥ ቀን ወደ ጎጆዋ አልወጣሁም።

ቤታችን ሁለት ተከታታይ ተራ ነበረው፤ የዚያ ጠዋት ማስረከቢያው የእኔ፣ የማታው መውጫ የአንተ። እኔ መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። ብርድ እንዳያስገባ ግድግዳው ላይ ከተለጠፉት ጋዜጦች አንዱ ላይ ታሪክ እየተከታተልኩ ነበር፤ መጨረሻው በሌላ ወረቀት ተሸፍኗል። ማንቆርቆሪያ አፍልቼ በእንፋሎቱ እያራስኩ ወረቀቱን በጥፍሬ እልጥ ነበር። እናታችን ስታነብ ያየችኝ እንደሆነ ሥራ ፈት ትለኝ ስለነበር ተደብቄ ነው። ሰዓቱ ሄደብኝ። ስወጣ አንተ እንጨት ተሸክመህ ደጅ ቆመሃል። «ውሃው እንዴት ነው?» አልከኝ። ሰሌዳዋን ሰጠሁህና «ውሃው ይናገራል» አልኩህ። ሁለት ቃል ናት።

ማታ ዕንቁላሉ ሁሉ ነጥቶ ሲገኝ ሰዎቹ መቼ ነው ውሃው የቆመው ብለው ጠየቁህ። «ጠዋት እኅቴ ሰምታዋለች፤ እንግዲያስ በእኔ ሰዓት ነው» አልክ። ከኋላህ ቆሜ ነበር። ለአዲስ ዓመት የኪሱኬ ቤተሰብ ሽማግሌ ሊልክ ነበር፤ ወሬው ከደረሳቸው እቀራለሁ ብዬ ፈራሁ። ጋሽ ጎንዛቡሮ ሰሌዳዋን ከበራችን ነቅሎ በረዶው ላይ ወረወራት። ከዚያ ወዲያ ማን ሰላም አለህ? ማን አብሮህ ሠራ? በፀደይ መርከብ ተሳፈርክ። ጎጆዋም በዓመቱ ተዘጋች፤ ኩሮሴ ለብዙ ዓመት ያለ ዓሣ ቀረ።

እናታችን የሞተች ጊዜ «ያንን ወንዝ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» ብለህ የጻፍክልኝን ወረቀት ማጠፊያው እስኪቀደድ አንብቤዋለሁ። የዋሸሁት ለመንደሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። የዋሸሁት ለአንተ ነው። ራስህን ገዳይ አድርገህ እንድትኖር ያደረግኩህ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ተሰበሰብን። ሱናኤ በር አጠገብ ተቀምጣለች። ተነሣሁ። በስብሰባ ተናግሬ ስለማላውቅ ጋሽ ጎንዛቡሮ «ምነው ኪኑኤ፣ ሻዩ አለቀ ልትዪን ነው?» ብሎ ሰዉን አሳቀ። እኔም ሰሌዳ የሚያስረክብ ሰው ሳይሄድ «ውሃው ይናገራል» ሊል እንደሚችል አውቃለሁ፤ እኔው ራሴ እንዲያ ብዬ ነበርና አልኩ። ከዚያ ጋዜጣውን፣ ማንቆርቆሪያውን፣ አንተን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ስለ መንገዱና ስለ ዱካው አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ስጨርስ ግን ዓይኔን እሱ ላይ ጣልኩ።

ፊቱ ጠቆረ። «የሠላሳ ዓመት በረዶ ዛሬ ምን ያደርግልናል? ቀልጦ ሄዷል» አለ። እኔም ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ «ቀልጦ የት ሄደ? ወንዙ ውስጥ አይደለም እንዴ?» አልኩት። ማንም አልሳቀም። ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ፤ ስብሰባውም ሳይወስን ተበተነ። ሱናኤ ሻንጣዋን ፈትታ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

በሳምንቱ ከባድ በረዶ ወረደ። ጋሽ ጎንዛቡሮ አልመጣም። ሁለት ቀን የጣሪያዬ ወራጅ ሲንቋቋ እየሰማሁ ጫማዬን እንዳደረግኩ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከላይ የአካፋ ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ስወጣ ሱናኤ በባሏ ቦት ጫማ ጣሪያው ላይ ቆማ በረዶውን ደጄ ላይ ትቆልለዋለች። «ውረጂ ልጄ፣ አንገትሽን ትሰብሪያለሽ» ብላት «ዝም ብለው ሻይ ያፍሉ እትዬ፤ የከተማ ሰው ከጆሮው ነው እንጂ ከአንገቱ ደህና ነው» አለችኝ።

ልጆቹ በክፍላቸው ያሳደጓቸው ሦስት መቶ ያህል ጫጩቶች ነበሩ የተረፉት። አስተማሪያቸው ርእሰ መምህሩን ለምና እነሱን ትናንት ለቀቅን። ልጆቹ ባልዲ ይዘው በተሰለፉበት ጋሽ ጎንዛቡሮ በዳገቱ እያነከሰ ወረደ። ኮፍያውን አወለቀና በልጆቹ ፊት «በየካቲት ያን ቀን ጠዋት ወደ ጎጆዋ አልወጣሁም። ጉልበቴን አሞኝ ነበር፤ አፌን ግን አላመመኝም» አለ። ለሱናኤ እጅ ነሣ። እሷ አልመለሰችለትም፤ አንድ ባልዲ አቀበለችውና ከልጆቹ ኋላ ተሰለፈ። ሲጨርስ ወደ እኔ መጥቶ መሬት መሬት እያየ «የታሜዞን አድራሻ ስጪኝ። ያን ሰሌዳ የወረወርኩት እኔ ነኝ» አለኝ። ሰጠሁት። ይህን ዛሬ የጻፍኩት የእሱ ወረቀት እንዳይቀድመኝ ነው።

ያቺን የተወረወረች ሰሌዳ ያን ዕለት ከበረዶው አንሥቻታለሁ። ሠላሳ ዓመት ከስፌት ሣጥኔ ሥር ኖራለች፤ ዛሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ማረኝ አልልህም፤ ለዚያ የሚበቃ ቃል የለኝም። ብትቆጣ ጻፍልኝ፤ መጻፍ ባትፈልግም እረዳሃለሁ። ወንዙን የገደልከው አንተ እንዳልሆንክ ብቻ እወቅ። የትናንቶቹ ጫጩቶች ዕድሜ ከሰጣቸው የዛሬ አራት ዓመት በኅዳር ይመለሳሉ። የፊት ለፊቱ ክፍል ያንተ ነው።

ሉዚያን እቀፍልኝ፤ ሳሏ ካልለቀቃት ነጩን የዳይከን ሥር በማር ዘፍዝፈህ ጭማቂውን አጠጣት። ካዙቶን ትምህርቱን እንዳያቋርጥ አክስትህ ትለምንሃለች በልልኝ። ትንሿን ማርሊን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ሥዕል መኝታዬ አጠገብ ተሰቅሏል። ደብዳቤውን ለእነሱ ማንበብ አለማንበብ የአንተ ፈንታ ነው።

ዛሬ ማለዳ መጻፍ ሳልጀምር ወደ ጎጆዋ ወጥቼ ነበር። ሣጥኖቹ ባዶ ናቸው፤ የቦዩን አፍ ግን በእጄ አጸዳሁ፤ እጄ እስኪደነዝዝ ቆሜ አዳመጥኩ። ወንድሜ፣ ውሃው ይናገራል። አሁን ሄጄ ነው።

እኅትህ ኪኑኤ
ኩሪሳዋ፣ አኪታ
መጋቢት 30 ቀን 1986 እ.ኤ.አ.