ጮክ ብለው በማንበባቸው ከቤተ መጻሕፍት ስለተባረሩ ጎልማሶች

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ፤ በራፉ ላይ ከተሰቀለው ግዙፍ ፎቶግራፍዎ እንደምረዳው ግን እጅግ ተመችቶዎታል። እኔ በፍርድ ቤት አጥር ሥር ሠላሳ ዓመት ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ፣ ሥራውን ካቆምኩ ወዲህ ደግሞ በቤተ መጻሕፍትዎ የኋላ ክፍል ጎልማሶችን በነጻ ፊደል ሳስቆጥር የቆየሁ ሰው ነኝ። «የቆየሁ» ማለቴ ባለፈው ሐሙስ ስላባረሩን ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ሰው የሚልዎትን እኔ ላድርስልዎ ብዬ ብዕሬን አንስቻለሁ።

፩ኛ፦ ቤተ መጻሕፍት ከመጽሐፍ ማከማቻነት ወጥቶ የማኅበረሰቡ ቤት መሆን አለበት ብለው ንግግር ባደረጉ ዕለት፣ እኛን ከፊት ወንበር አስቀምጠው ስላስጨበጨቡንና ፎቶ ስላስነሱን እናመሰግናለን። ያን ያህል ጭብጨባ ጸጥታ አለማደፍረሱም ገርሞናል።

፪ኛ፦ በሳምንቱ «ጮክ ብሎ ማንበብ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ አወጡብን። ክቡርነትዎ ከእናትዎ ሆድ በዓይንዎ እያነበቡ ሳይወጡ አልቀሩም፤ የእኔ ተማሪዎች ግን ፊደሉን አፋቸው ካላወጣው አይያዝላቸውም። ማስታወቂያውን ዘቅዝቆ የለጠፈውን ዘበኛ እባክዎ አይቆጡት፤ እሱም ተማሪዬ ነው፣ ተረኛ እየሆነ ስለሚቀር ገና «መ» ላይ ነው።

፫ኛ፦ ከተማሪዎቼ አንዷ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ባሏ የልብ ሕመምተኛ ነው፤ ዓይኑም ደክሟል። ሁለት መንትያ የሚመስሉ የኪኒን ብልቃጦች አሉት፤ አንዱ በቀን አንዴ፣ ሌላው በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ። እንዳትሳሳት በአንደኛው ላይ ቀይ ክር አሰረችበት። አንድ ቀን ክሩ ተፈትቶ ወደቀ፤ አንዴ የሚዋጠውን ሦስቴ አዋጠችው፤ ባልየውም ራሱን ስቶ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኛ። «ጋሼ፣ የሰው ነፍስ በክር አስሬ እስከ መቼ?» ብላኝ ነው ትምህርት የጀመረችው። እኔ ላነብላት እችላለሁ፤ ግን ቤቷ አላድር። ባያባርሩን ኖሮ፣ ሌላ ሁለት ወር ብትማር ብልቃጦቹን ራሷ ትለይ ነበር።

ክፍላችን አሁን ተቆልፏል። በመስኮት አጮልቄ ባይ፣ የንግግርዎ ባነሮች ተጠቅልለው ወንበሮቻችን ላይ ተጋድመዋል። እዚህ ላይ ትሕትናዬ አለቀ፤ አፈርኩብዎ።

ለወንበርዎ ዕድሜ፣ ለጆሮዎ ጸጥታ፣ ለኅሊናዎ ግን ጥቂት ረብሻ እየተመኘሁ፣

ታዛዥዎ የነበርኩት ማመልከቻ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ ክፍሉ እስኪከፈት ድረስ አጣቢዋ ከሰኞ ጀምሮ ብልቃጦቿን ይዛ በቀን ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ትመጣለች፤ አንብበው ይለዩላታል። የመጀመሪያው ከቁርስ በፊት ስለሆነ ማልደው ይግቡ። ከተሳሳቱ ግን ለቅሶዋን በሹክሹክታ እንደማታለቅስ ከወዲሁ ይወቁት።