ለጅግራ የተባለው ጠመንጃ

ለእናቴ
አቦምሳ

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያን ቅባት ራስሽ እየተቀባሽው ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤቱ ሁሉ አዳርሰሽ ባዶ ቱቦ ታቅፈሽ ቀረሽ? እኛ ከአዳማ ነፋስና አቧራ በቀር ምንም አልነካን፤ አምላክ ይመስገን። አባባ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ባጃጅ ነጂዎቹን ይቆጣሉ። ናፍቀሽናል። እሳቸው አፍ አውጥተው ናፈቀችኝ ባይሉም እኔ ወጥ ባቀረብኩ ቁጥር ያንቺን ወጥ ያነሳሉ። የኔ ወጥ ምን እንደሚመስል ከዚህ ተረጂው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪ። እኔ ስደውልልሽ አባባ አጠገቤ ናቸው፤ አንቺ ደግሞ ስልክ ስታነሺ ድምፅሽ ያለ ስልክም ከአቦምሳ አዳማ ይሰማል። ይህ ወሬ ደግሞ እሳቸው ሳይሰሙ አንቺ ዘንድ መድረስ አለበት። ጎረቤቴ ዘርፉ እህቷን ልትጠይቅ ወደዚያ ስለምትመጣ በእሷ እጅ ላክሁት። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ካለፈው ዓመት አደን ወዲህ አባባ እንዴት እንደሆኑ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሊያድን የመጣው ያ ፈረንጅ አርሲ ተራራ ላይ አጋዘኑን ሆዱ ላይ መትቶ ሲያቆስለው፣ ተከታትሎ መጣል የመሪው የአባባ ፈንታ ነበር። ሁለት ጊዜ ተኮሱ፤ ሁለቱንም ሳቱ። ሲያገኙት ጅብ ቀድሟቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆሰለ አውሬ ትቶ የተኛ ሰው አዳኝ አይባልም ሲሉ የኖሩ ሰው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ የአደን ወሬ ሲነሳ ብድግ ብለው እንደሚወጡ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ።

አሁን እዚህ ያሉት ሊጠይቁኝ ብቻ አይደለም። አለቃዬ ቶሌራ ጠርቷቸው ነው እንጂ። ታውቂዋለሽ፣ የአደን ድርጅቱ ባለቤት፤ እኔ የድርጅቱን ጠመንጃዎች የምጠብቅለትና የምፈትሽለት። አባትሽ ጋሼ ኪዳነወልድ ቅዳሜ ፊቴ ተኩሰው ካልመቱ ዘንድሮ ተራራ አላወጣቸውም አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲነግረኝ እንኳ ፊቴን ማየት አፍሮ ጣሪያ ጣሪያ ነበር የሚያየው። እኔ ግን አባባ ተራራውን ከተከለከሉ እቤት ቁጭ ብለው ምን እንደሚሆኑ ማሰብ አልቻልኩም።

ችግሩ ትከሻቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። ያ የድሮ ቤልጅግ ጠመንጃቸው ሰደፉ ላይ ብረት አለበት፤ ሲተኮስ እንደ በቅሎ ይራገጣል። በዚህ ዕድሜ ይህን መሸከም ምን ይሉታል? ስለዚህ ከመጋዘናችን አፈሙዙ ስድስት ነጥብ አምስት ሚሊ የሆነውን ቀጭኑን ጠመንጃ መርጬ አወጣሁላቸው። አገላብጠው አዩትና ይሄ ለጅግራ ይሆናል አሉኝ። ለአጋዘንም ይሆናል፣ ዋናው የጥይቱ ምርጫ ነው ብዬ ላስረዳ ስጀምር፣ ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ብለው ዘጉኝ። አውቃለሁ የሚያስቡትን። አቦምሳ ገበያ ላይ ኪዳነወልድ ሸመገለ፣ የወፍ ጠመንጃ ያዘ ይባላል ብለው ነው። ይቅር ይበለኝና፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት ለእሳቸው ነው።

እኔም የማን ልጅ ነኝና አልለቅም አልኩ። ሐሙስ ዕለት ከከተማው ወጣ ብሎ ጠመንጃ ወደምንፈትሽበት የድንጋይ ካባ ወሰድኳቸው። የዘይት ጀሪካኖች ውኃ ሞልቼ አንዱን ካንዱ ኋላ ደረደርኩ። መጀመሪያ ቀጭኑን ጠመንጃ አጭርና ቀላል ጥይት አጉርሼ ተኮስኩ። እሱ ጥይት ይፈጥናል፤ ግን የመጀመሪያውን ጀሪካን አፈነዳውና ሁለተኛው ውስጥ ተበጣጥሶ ቀረ። አባባ ከኋላዬ እህ አሉ፤ እንዳልኩሽ ማለታቸው ነው። ቀጥዬ በዚያው ጠመንጃ ረጅሙንና ከባዱን ጥይት ተኮስኩ። ቀጭን ነገር ረጅምና ከባድ ሲሆን ጠልቆ ይገባል፤ ወስፌ ቆዳ የሚበሳው በውፍረቱ አይደለም አልኳቸው። ይኸኛው ሳይበተን፣ ጫፉ እንደ እንጉዳይ ተከፍቶ፣ ለማነጻጸር በቤልጅጉ ከተኮስኩት ጥይት አንድ ጀሪካን አልፎ ተገኘ። ትንሽ ጠመንጃ አይረባም የሚሉት እኮ ያንን አጭሩን ጥይት ይዘው ወጥተው አውሬ ያቆሰሉ ሰዎች ናቸው።

አባባ የጥይቱን እርሳስ ከውኃው ውስጥ ለቅመው አዩት፣ አዩትና ኪሳቸው ከተቱት።  ከዚያ፣ ትንሹን ጠመንጃ የያዘ ሰው እንቢ ማለት መቻል አለበት፤ አጋዘኑ ጎኑን ካልሰጠው፣ ከፊት እግሩ ጀርባ ያለውን ቦታ አጥርቶ ካላየ፣ ጣቱን ከቃታው አንስቶ መመለስ አለበት አሉኝ። ልክ ናቸው። እሺ አልኳቸው። ደስ አለኝ፤ የረቱኝ መስሏቸው የተረቱት እሳቸው ናቸው ብዬ።

ከዚያ ነው የማልደግመውን ነገር ያደረግኩት። ቤልጅጉን ሳጎርስላቸው፣ ጥይት በማስገባት ፈንታ ባዶ ቀለህ ከተትኩበትና ዘግቼ ሰጠኋቸው። ዘዴውን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ጀማሪ ተኳሽ ቃታ ሲስብ መደንገጥ አለመደንገጡ የሚታወቀው ጠመንጃው ሳይጮህ ሲቀር ነው። አነጣጠሩ፣ ሳቡ። ቀጭ አለ ብቻ። አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ተደፋ፤ ዓይናቸው ተጨፍኗል፤ ሰውነታቸው ሁሉ ተሸማቋል። እማዬ፣ የዚያን ጊዜ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸውም አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው።

አባባ ግን አባባ ናቸው። ቀጭኑን ጠመንጃ አነሱ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ አጎረሱና እስቲ አንቺ ተኩሺ አሉኝ። እኔ ዓመቱን ሙሉ የፈረንጅ ጠመንጃ ስፈትሽ የምውል ሴት፣ ኮራ ብዬ ተቀበልኩ፤ አነጣጠርኩ፤ ሳብኩ። ቀጭ። የኔም አፈሙዝ ተደፋ፤ የኔም ዓይን ተጨፈነ። በዚህም ላይ ትከሻዬን እንደ እስክስታ ወራጅ ነቀነቅሁት። አባባ ሳቁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሳቁ፣ ሳቁና ድንገት ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ይህን ድንጋጤ ከኔ ነው የወሰድሽው፣ እኔ ነኝ የሰጠሁሽ አሉኝ።

ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ይህን እንዳልነግርሽ ቃል አስገብታኛለች ብለውኛል። ይኸው ነገርኩሽ። ሆድ ይፍጀው የሚባለው ነገር በኔ ሆድ አያድርም፤ ይህን ደግሞ ከማን እንደወሰድኩት አንቺ ታውቂያለሽ።

ገና አምስት ዓመቴ ሳለ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው የቤልጅጉን ቃታ እንዳሳቡኝ ነገሩኝ። ጎረቤቶች ቆመው እያዩ፣ የአዳኝ ልጅ አዳኝ ናት ሊባል። ሰደፉ ከአንገቴ ሥር ያለውን አጥንት ሰበረው። ከዚያ ወዲህ ቃታ በሳቡ ቁጥር ጆሯቸው ውስጥ የሚጮኸው ጠመንጃው ሳይሆን እኔ ነኝ። ድሮ ጥርሴን ነክሼ አልፈው ነበር፣ አሁን የምነክሰው ጥርስም አለቀ አሉኝ። ይህን ሲሉ እንኳ ሊያስቁኝ ነበር። እኔ ግን አለቀስኩ። ችግሩ ትከሻቸው ነው ብዬ ስጨነቅ፣ ለካ እኔን ነው ተሸክመው የሚዞሩት።

እማዬ፣ አንቺም አጥንትሽ የተሰበረው ከዘይቱን ዛፍ ወድቀሽ ነው ያልሺኝ ለዚህ ነበር? አልተቀየምኩሽም። ሰው የሌላውን ጥፋት በዛፍ አሳቦ ይህን ያህል ዘመን ሲይዝ፣ ልጅ አባቷን እንዳትፈራ ብሎ እንጂ ለሌላ አይደለም። እኔም አልፈራኋቸውም። አንድ ቀን እንኳ ፈርቻቸው አላውቅም። ይህን ያደረግሽልኝ አንቺ ነሽ፤ እግርሽን ስሜ ላመሰግንሽ እፈልጋለሁ። ዘይቱን አለመብላቴ ብቻ ነው የቆጨኝ።

እንባዬን ጠረግሁና ቀጭኑን ጠመንጃ ረጅሙን ጥይት አጎረስኩት። አባባ፣ ኢላማውን ይተዉት፣ እኔን ይዩኝ አልኳቸው። ቆሜ ተኮስኩ። አልወደቅሁም። ደግሜ ተኮስኩ። ጠመንጃው ትከሻዬን ገፋ አድርጎ ተወኝ፤ ልጅ በክርኗ ጎሸም እንደምታደርገው ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ትንሽ ጠመንጃ ጥሩነቱ ይኸው ነው እማዬ፤ ሰው ሳይፈራው ይተኩሰዋል። ያልፈራ ሰው ደግሞ ዓይኑን ገልጦ ቦታውን ይመታል። እሳቸው ኢላማውን አንድ ጊዜም አላዩም፤ ትከሻዬን ብቻ ነበር የሚያዩት። ከዚያ ተነሱና አምጪው አሉኝ።

ቅዳሜ ቶሌራ ፊት በቀጭኑ ጠመንጃ ሦስት ተኮሱ። ሦስቱም የሰው መዳፍ በሚሸፍነው ቦታ ውስጥ ገቡ። ቶሌራ እጃቸውን ጨብጦ፣ ጋሼ ኪዳነወልድ፣ ይህች ትንሽ ነገር ግን ለአጋዘን ትበቃለች ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አባባ ያን እርሳስ ከኪሳቸው አወጡና ስለ ረጅሙና ስለ አጭሩ፣ ስለ ከባዱና ስለ ቀላሉ፣ የኔን ንግግር አንድ ቃል ሳያስቀሩ እንደ ራሳቸው አድርገው አስተማሩት። ወስፌዋን እንኳ አልተዉልኝም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እንደ አዲስ ሰሚ ራሴን ስነቀንቅ ነበር።

ከዚያ ቶሌራ፣ ምናልባት ፈረንጁ ዘንድሮም ቢያቆስል፣ ከእርስዎ ኋላ ሁለተኛ ጠመንጃ ይዞ የሚከተል ማንን ልመድብልዎ አላቸው። አባባ የመለሱለትን እሳቸው ራሳቸው ይንገሩሽ፤ እኔ አፌን አላስቀድምም። ሲነግሩሽ ግን እባክሽ አትጩሂባቸው። ብዙ አስበውበት ነው፤ ሲናገሩም ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። እኔም እሺ ብያለሁ።

እንግዲህ እማዬ፣ ስትጸልዪ አስቢን። ደጅሽ ሰላም ይደር፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ደግ ወሬ ይዘን ደጃፍሽ የምንደርስበትን ቀን ያቅርብልን።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ዘርፉ ስትመለስ በእጅሽ ከሠራሻቸው ወፍራም የሱፍ ሹራቦች ሁለት ላኪልን፤ ተራራው ላይ ብርዱ ክፉ ነው ይላሉ። አንዱ በአባባ ልክ ይሁን። ሌላውን ትከሻው ላይ ጠበብ አድርጊው፤ ልኬን ታውቂዋለሽ።

የምትወድሽ ልጅሽ
ከአዳማ