ጋራዥ ውስጥ የደበቅካቸው የኢጣሊያ ወይኖች

ግርሜ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ይኸው ሙት ዓመትህ ሊደርስ ነው። ቤቱ ደህና ነው። ጣሪያውን በረዶ መትቶት ኢንሹራንሱ አሠራልኝ። መኪናህን ሸጥኩት።

ጋራዡን ሳጸዳ ግን ከአሮጌ ጎማዎች ጀርባ ወይን ጠጅ አገኘሁ። ሁሉም የኢጣሊያ ነው፤ አንዱ የፒየሞንቴ፣ አንዱ የፑሊያ፣ አንዱ የሲሲሊ። አጠገባቸው ሁለት ብርጭቆ በሹራብህ ተጠቅልሏል። በዓል ካልሆነ ቢራ እንኳ የማትቀምስ ሰው! ሁለተኛው ብርጭቆ የማን ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ ኤርፖርት ኦቨርታይም አለብኝ እያልክ ስትወጣ ሸሚዝህን የምተኩስልህ እኔ ነበርኩ። ሻንጣ ለሚጭን ሰው የተተኮሰ ሸሚዝ ምን ያደርግለታል?

ጠርሙሶቹ ላይ የተለጠፈውን የሱቅ ስም ይዤ ማኪኒ ከተማ ሄድኩ። ሻጩ ፎቶህን ሲያይ ፊቱ በራ። ከአንዲት ወጣት ጋር ነበር የሚመጣው አለኝ። ምን ትመስላለች ስለው ትክ ብሎ አየኝና ጥርሷ ልክ እንደኔ ፍንጭት መሆኑን ነገረኝ።

ህሊና! ነርስነቷን ትታ ስለ አፈር ልማር ብላ ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ "ልጅ የለኝም" ያልካት ልጃችን። ስንቴ አልቅሼ ታረቁ ብዬሃለሁ? ወሬ ትቀይርብኝ ነበር።

ደወልኩላት። "ማሚ፣ ራሱ ዳዲ ነው እኮ ኮል ያደረገኝ" አለች እየተንሰቀሰቀች። "የምትማሪውን አስረጂኝ ሲለኝ፣ ሶ፣ ወይን ቤት ወሰድኩት። አገሩ አንድ ሆኖ አፈሩ ሲለያይ ጣዕሙ እንዴት እንደሚለያይ አሳየሁት። ማለቴ፣ ስመረቅ ሦስታችን ኢጣሊያ ልንሄድ ነበር። ላንቺ ሰርፕራይዝ።"

ሰርፕራይዝ ነው ግርሜ? ወይስ በልጅህ መሸነፍህን እንዳላይብህ ነው? አላመንኩህም። አሁንም አላመንኩህም።

ባለፈው እሑድ መጥታ የሲሲሊውን ከፈትን። ከእሳተ ገሞራ ተራራ ሥር፣ ጥቁር አመድ ላይ የበቀለ ነው አለችኝ። የፒየሞንቴው ጉም ከሚተኛባቸው ኮረብቶች፣ የፑሊያው ደግሞ ባሕር ዳር ካለ ቀይ ሜዳ። አንተም ይህንን እንደ ተማሪ ትደግምላት እንደነበር ስትነግረኝ ሳቅኩ። ከዚያ ቀናሁ። ያን ሁሉ ቅዳሜ ያለ እኔ!

ወይኑ በሚለቀምበት ወር እኔና ህሊና እዚያ ተራራ ድረስ አብረን ልንሄድ ነው። አልረሳህም። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ያወራለትን ደጉን ግርማ ብቻ ሳይሆን፣ ደብቆኝ የሄደውንም ግርማ አስታውሰዋለሁ።

ከነጥርጣሬዬ፣
ባለቤትህ አልማዝ