የመምህር ሐብተ ማርያም ወልደ ዮሐንስ ዕረፍትና መግለጫው የዘገየበት ምክንያት

የአንገረብ ማዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተዳደር፣ መምህራንና ሠራተኞች፣ የሥራ ባልደረባችን መምህር ሐብተ ማርያም ወልደ ዮሐንስ በሞት የተለዩን መሆኑን ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለጎንደር ከተማ ሕዝብ የምናስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። መምህሩ ያረፉት በጥር 1963 ዓ.ም. ሲሆን ይህ መግለጫ የወጣው በመጋቢት ነው። በዚህ መዘግየት የተነሳ ፒያሳ ላይ “ትምህርት ቤቱ ሰውየውን ገና አፈሩ ሳይደርቅ ረሳቸው” እየተባለ መሆኑን ሰምተናል። የሰው አፍ በምን ይዘጋል! አልረሳንም። ምክንያቱን ከዚህ በታች እንገልጻለን፤ ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ነውና አንባቢም የራሱን መላ ይጨምርበት።

መምህር ሐብተ ማርያም በ1932 ዓ.ም. በወገራ ከአባታቸው ከመርጌታ ወልደ ዮሐንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ የዓለምወርቅ ተወለዱ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን የሚያወጣውን የቤተ ክርስቲያን የዘመን ሂሳብ፣ ከአባታቸው ተማሩ።

በ1956 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው ሂሳብ አጠኑ። በዚያም በተበሳ ካርድ ትእዛዝ የሚቀበለውን ኮምፒዩተር የተባለ ማኪና አይተው ተመለሱ።

በ1961 ዓ.ም. ለአሥራ አንደኛ ክፍል የኮምፒዩተር ፕሮግራም መግቢያ ትምህርት እንዲከፈት ጠየቁ። አስተዳደሩ ማኪናው በሌለበት ምን ሊያስተምሩ እንደሆነ ቢጠይቃቸው “ማኪናውማ ልጆቹ ናቸው” ብለው መለሱ። እኛም ሳቅን፤ ፈቀድንም።

አሠራራቸው የሚከተለው ነበር። ተማሪዎች በግቢው ውስጥ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ትእዛዝ ብቻ ያውቃል፤ አንዱ ይደምራል፣ አንዱ ያባዛል፣ ሌላው የተሰጠውን ቁጥር ይዞ ይጠብቃል። ቁጥሩ ከጆሮ ወደ ጆሮ በሹክሹክታ ይተላለፋል፤ ለሌላው አይሰማም። መምህሩ ራሳቸው በክቡ ውስጥ አንድ ስፍራ ነበራቸው፤ እሱም የግድፈት፣ ማለትም የመጣያ፣ ስፍራ ነው። ሠላሳ ሠላሳውን ጥለው ቀሪውን ብቻ ያሳልፋሉ። ሁለት መቶ ስድሳ ስድስት ቢነገራቸው ሃያ ስድስት ብለው ያቀብላሉ። ከቀኛቸው ቁጥሩን የሚነግራቸው ተማሪ ውዱ ነበር፤ ከግራቸው የምትቀበላቸው ተማሪ እናኑ ነበረች።

በ1962 ዓ.ም. ይኸው የልጆች ማኪና ባሕረ ሐሳብን መሥራት ጀመረ። የአንዱን ዓመት ፋሲካ አውጥቶ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። መርጌታ ወልደ ዮሐንስ ውጤቱን ሲመረምሩ አንድም ስሕተት አላገኙበትም። ልጃቸው የመጨረሻውን ዓመት ወስኖ የማቆሚያ ትእዛዝ ሊጽፍ መሆኑን በሰሙ ጊዜ ግን ተቆጡ። “ለዘመን ማብቂያ የምታበጅለት አንተ ማነህ? ባለቤቱ ያውቃል!” አሉ። መምህሩ የአባታቸውን ቃል አክብረው የማቆሚያውን ትእዛዝ ተዉት። በየዕለቱ ሲበቃቸው በቃላቸው “ቁም” ይሉ ነበር፤ ከእሳቸው አፍ ካልወጣ በቀር ማንም እንዳይቆም ተማሪዎቹን አጥብቀው አስተምረዋል።

በጥር 1963 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ሥራው እንደተጀመረ መምህሩ ደረታቸውን ይዘው ወደ መምህራን ክፍል ገቡ፤ በዚያው አረፉ። “ቁም” አላሉም።

ቀብሩ በሥርዓቱ ተፈጸመ። በማግስቱ ጠዋት ተማሪዎቹ ከደወሉ አስቀድመው መጥተው፣ የመምህራቸውን ስፍራ ክፍት ትተው፣ የያዙትን ቁጥር ሳይለቁ ቀጠሉ። አስተዳደሩ ሐዘን ነው ብሎ ተዋቸው። ነገር ግን ውዱ ባዶው ስፍራ ላይ ጎንበስ ብሎ ያንሾካሹካል፤ እናኑም ጥቂት ቆይታ ቀና ትላለች፤ የምታቀብለው ቁጥር ተገድፎ የወጣ ትክክለኛ ቁጥር ነው። ዓመቶቹ ይቆጠሩ ነበር። እኛ ሁላችን በሕይወት የማንኖርበት ዘመን ፋሲካ ወጥቶ ታለፈ።

ልጅቱ ራሷ አስባ የምትናገር ስለመሰለን እሷን አንስተን ከሳንጃ በዚህ ዓመት የመጣውን፣ ባሕረ ሐሳብ የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቀውን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሰጠኝን በስፍራዋ አቆምን። ልጁ ሳይሳሳት መለሰ። ማን እንደነገረው ስንጠይቀው “ጋሼ ናቸዋ” አለ፤ ትንፋሻቸው ጠመኔ ጠመኔ እንደሚልም ጨመረ። ከዚያ በኋላ ሌላ ምርመራ አላደረግንም። እውነቱን ለመናገር ፈርተናል።

ዳይሬክተሩ ክቡ መካከል ገብተው “ቁሙ!” ብለው አዘዙ፤ የሰማቸው አልነበረም። ካህን ጠርተን ጸበል አስረጨን፤ ተማሪዎቹ ፊታቸውን ጠርገው ቀጠሉ። ወላጆችም ልጆቻቸው ማታ ቤት ገብተው በስማቸው ሲጠሩ የያዙትን ቁጥር እንደሚመልሱ እያለቀሱ አመለከቱ። የሟች እናት ወይዘሮ የዓለምወርቅ በበኩላቸው ለቅሶ ሊደርስ የሄደውን ሁሉ “ምነው፣ ሥራ ላይ ያለን ሰው አልቅሼ ላስደንግጠው?” እያሉ መለሱ። ነጠላቸውን እንኳ አላዘቀዘቁም። ትምህርት ቤቱም እናቱ ያላለቀሰችለትን ሰው ሞቷል ብሎ መግለጫ ማውጣት አልሆነለትም። የመዘግየቱ ምክንያት ይህ ነው።

መርጌታ ወልደ ዮሐንስ እንዲረዱን ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላክን። ሁለቱን ጊዜ አልመጡም። ልጃቸው እንዲያርፍ እንደሚሹ፣ ይሁን እንጂ በአንዲት ቃል ሁለተኛ ጊዜ ሊያጡት መሆኑን ለሽማግሌዎቹ ነግረዋቸዋል። እኛም ልንፈርድባቸው አልቻልንም።

ትናንት ግን መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ማንንም ሳያነጋግሩ ወደ ክቡ ገብተው እናኑን በእጃቸው ወደ ጎን አደረጉና በስፍራዋ ቆሙ። ውዱ ቁጥሩን ለባዶው ስፍራ ነገረ። መርጌታ ጆሯቸውን አዘነበሉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያም የሰሙትን ቁጥር ለሚቀጥለው ተማሪ በትክክል አቀበሉ፤ ሥራ ይከበራልና። ቀጥሎ ፊታቸውን ወደ ተማሪዎቹ ሳይሆን ወደ ባዶው ስፍራ መልሰው፣ ግቢው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ “የከለከልሁህ እኔ ነኝ፤ የምፈታህም እኔ ነኝ። ሸጋ አድርገህ ሠርተሃል ልጄ። ይበቃል፤ ቁም” አሉ።

ዛሬ ጠዋት ተማሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ክብ ሠርተው ቆሙ። ውዱ ጎንበስ ብሎ የያዘውን ቁጥር ተናገረ። እናኑ ጆሮዋን ሰጥታ ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ በመጨረሻም ወደ ዳይሬክተሩ ዞራ “ጋሼ የሉም” አለች። ይህንን ከአጥሩ ውጪ ቆመው ይሰሙ የነበሩት ወይዘሮ የዓለምወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጮኹ። ተማሪዎቹም ተበትነው እያለቀሱ ወደ እሳቸው ሮጡ፤ በየስማቸው ስንጠራቸው አቤት አሉን።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ለመርጌታ ወልደ ዮሐንስ፣ ለወይዘሮ የዓለምወርቅ፣ ለመምህሩ ተማሪዎችና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን ይመኛል። መምህር ሐብተ ማርያም ወልደ ዮሐንስ ሞተዋል። ይህንን ከዛሬ በፊት ለመናገር አልቻልንም ነበር።

የአንገረብ ማዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት
ጎንደር፣ መጋቢት 1963 ዓ.ም.